መልስ፦ ለፎርክሊፍት ክንድ ከቁርጥራጭ ብረት

ወንድሜ፣ ከምናለሽ ተራ በገዛሁት ብረት ለ2.5 ቶን ፎርክሊፍት ባለ መንጠቆ ክንድ ሠርቼ ዕቃ የሚያነሳው የብረት ሹካ ላይ ልበይደው ወይ ብለሃል። እባክህ ሹካውን አትበይደው፣ አትብሳውም። በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ የብየዳው እሳት ያዳክመዋል፤ ስንጥቁም ከዚያው ይነሳል። ሹካዎቹ የሚገቡበት ሁለት ኪስ ሥራለትና ወደፊት እንዳይንሸራተት ሹካዎቹ ከተሰቀሉበት ክፈፍ ጋር በወፍራም ሰንሰለት እሰረው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሚዛኑ ነው። 2.5 ቶን የሚባለው የዕቃው ክብደት መሃል ከሹካው ቋሚ ጎን 50 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ነው። መንጠቆው ከዚያው ጎን 1.5 ሜትር ላይ ከሆነ የፎርክሊፍቱ የማንሳት አቅም ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የክንዱም ክብደት ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ዝገት የበላውን ብረት ተወው። መጀመሪያ ስትሞክረው ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሳ፤ ሰው አጠገቡ አይቁም።