ግንባታው ስለቆመ የቅንጦት አፓርታማ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ያለው አፓርታማ ስትራክቸሩ አልቆ ሁለት ዓመት ቆሟል። ይጨረስ ይሆን?

መልስ፦ የስትራክቸር ማለቅ ብዙ ሰው ያታልላል። የቅንጦት ቤት ገንዘብ የሚበላው ከአርማታው በኋላ ነው፤ የመስታወት ግድግዳው፣ ሊፍቱ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪኩ፣ ፊኒሺንጉ። ስለዚህ ለመጨረስ የቀረውን ወጪና ያለበትን ዕዳ ደምሩና ሕንፃው ሲያልቅ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ድምሩ ካነሰ የሚረከበው ይገኛል። ከበለጠ ግን አበዳሪው ከዕዳው ላይ ቆርጦ እስኪጥል ድረስ ማንም አይነካውም፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። የሎስ አንጀለሱ ኦሽንዋይድ ፕላዛ ሦስቱም ሕንፃዎች ሙሉ ቁመታቸው ላይ ደርሰው ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ገንዘብ አለቀና ቆሙ። በ2024 ፎቆቹ በቀለም ጽሑፍ ተሞልተው፣ ጉዳዩ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ።

ጥያቄ፦ ቅድመ ክፍያ ከፍያለሁ። ሌላ አልሚ ቢረከበው ገንዘቤስ?

መልስ፦ በአብዛኛው ቦታ ሕንፃውን በመያዣ የያዘው ባንክ ይቀድማል። ውልዎ ካልተመዘገበ እርስዎ መያዣ የሌለዎት ተራ ገንዘብ ጠያቂ ነዎት፤ ወረፋው መጨረሻ ላይ። ገንዘቡ መሐንዲስ እያረጋገጠ ብቻ በሚለቀቅ ዝግ ሂሳብ ገብቶ ከሆነ ያልተለቀቀው ይተርፋል። የማጠናቀቂያ ዋስትና (ሕንፃው ሳያልቅ ቢቀር የሚጠየቅበት ሰነድ) ካለዎት ዛሬውኑ አውጥተው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ሥራው ሲቆም የዋስትናው ቀን አብሮ አይቆምም፤ ጥያቄዎን ከዚያ ቀን በፊት በጽሑፍ ካላስገቡ ወረቀት ብቻ ይዘው ይቀራሉ። እባክዎ ሁለት ነገር አያድርጉ፦ በጽሑፍ ሳያሳውቁ ክፍያ አያቋርጡ፣ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉና። «የተሻሻለ ውል» ሲቀርብልዎም የመዘግየት ካሳን የሚያስቀር አንቀጽ እንዳለበት ሳያዩ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ዝናብና ፀሐይ የፈራረቀበት ፌሮ ከእንግዲህ ይታመናል?

መልስ፦ አርማታ ውስጥ የተቀበረው ሽፋኑ በቂ ከሆነና ስንጥቅ ከሌለ ደህና ነው። የሚያሳስበው ከኮለን ጫፍ ወጥቶ የቀረው ነው። በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ የሚለቅ ቡናማ ዝገት ጉዳት የለውም። ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍ ከሆነ ግን አጽድተው በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይለኩት፤ ባለ 16 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ 14 ከሆነ ሲቆረጥ ከሚታየው ክብ ፊቱ ስፋት ሩብ ያህሉ ሄዷል፣ ያ ተቆርጦ በአዲስ መተካት አለበት። አርማታው ከተጠረጠረ ከየቦታው ቢያንስ ሦስት ናሙና ተቦርቡሮ ወጥቶ ላቦራቶሪ ይጨመቅ።

ብዙዎች የሚረሱት ቤዝመንቱን ነው። የከርሰ ምድር ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ከጠፋና ከላይ ያለው ክብደት ገና ካልበቃ፣ ውሃው የወለሉን ሶሌታ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይሰነጥቀዋልም። ጥገናው ከፓምፕ ነዳጅ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ዘሟል የሚባል ሕንፃ አበቃለት ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮው ሚሌኒየም ታወር፣ 58 ፎቅ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሰምጦ ዘሞ ነበር፤ ሰው እየኖረበት እስከ ዓለቱ የሚደርሱ 18 ፓይሎች (የመሠረት ምሰሶዎች) ተተከሉለትና ሥራው በ2023 አለቀ። የኒውዮርኩ 161 ሜይደን ሌን ግን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አዘንብሎ ግንባታው ዓመታት በክርክር ቆሞ ቆይቷል። እርስዎ በየወሩ የተወሰደውን የመስመጥ ልኬት ይጠይቁ። በየወሩ የሚጨምረው መስመጥ እየቀነሰ ከመጣ መፍትሔ አለው። ልኬት ከሌለ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹን ቤቶች ከፋፍሎ መሸጥስ?

መልስ፦ የሚወስነው የቧንቧ መውረጃው ቦታ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ቢሰጠው፣ ከመውረጃው 6 ሜትር የራቀ አዲስ መታጠቢያ ቤት ከታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ቁመት 12 ሳንቲ ሜትር ይበላል፤ የቧንቧው ውፍረት ሳይቆጠር።

ጥያቄ፦ ሥራው በእውነት መጀመሩን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ክሬን መዞሩ አይበቃም። ፈቃዱና የግንባታ መድኑ መታደሱን፣ ለሊፍትና ለመስታወት ቀብድ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ። ሁለቱ ከታዘዙ በኋላ ብዙ ወራት የሚፈጁ ስለሆኑ፣ ገንዘብ የሌለው አልሚ አያዛቸውም።