100 በመቶ ሲል አላለቀም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ በስልክ መመለስ ጀምሬ ነበር፤ ሲረዝምብኝ ተውኩትና ዛሬ ቢሮ ገብቼ ጻፍኩት። የቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ዲስክን ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ከአንድ ስቶሬጅ ወደ ሌላ የሚያዛውር፣ ሰዓታት የሚፈጅ ጆብ (ከጀርባ የሚሄድ ሥራ) የሚያስተዳድር ኮድ ጽፈሻል። አለቃሽ «ዶክመንት አድርጊው» ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ «በየፈንክሽኑ አናት ላይ ኮሜንት ብጽፍ ይበቃል ወይ?» ትያለሽ። እኔም እዚህ አዳማ ቨርቹዋል ማሽን ከሚያስኬደው ፕሮግራም ከኪውኢሙ ጋር ስታገል ዓመታት አልፈዋል፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

አይበቃም። «ይህ ፈንክሽን ኮፒውን ያስጀምራል» ብሎ መጻፍ ለማንም አይረባም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሌሊት ተደውሎለት ዓይኑን እያሸ ኮድሽን የሚከፍት ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው። ጆቡ አሁን የት ደርሷል? ብነካው ምን ይከተላል? መብራት ቢሄድ ከሁለቱ ፋይሎች የትኛውን ልመን?

የእኛን ጉድ ስሚ። የአንድ ቢሮ የሒሳብ ሰርቨር ዲስኩ እየሞላ ስለነበር ወደ አዲስ ስቶሬጅ በሚረር ጆብ (ዲስኩን እየገለበጠ አዲስ የሚጻፈውንም በሚያስከትል ሥራ) ማዛወር ጀመርን። ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቆ ሄዷል። ስክሪኑ 100 በመቶ ሲል እኔ አለቀ ብዬ የድሮውን ፋይል አጠፋሁት። ማሽኑ ምንም አላለም፤ ሠራተኞቹም ሲሠሩ ዋሉ። ሊኑክስ ላይ የተከፈተ ፋይል ስሙ ቢጠፋም የያዘው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ይዘቱ ዲስክ ላይ ይቆያል፤ ኪውኢሙ ለካ ስም በሌለው ፋይል ላይ ይጽፋል። ማታ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም ብዙ አልቆየም። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ የሚነሳበት ፋይል የለም። አዲሱ ኮፒ አለ፤ ግን መብራቱ ሲሄድ የትኛው ብሎክ (የዲስክ ቁራጭ) ሳይደርሰው ቀረ? ይህንን የሚመዘግበው ቢትማፕ ሜሞሪ ላይ ስለነበር አብሮ ጠፋ። ለሒሳብ ዳታቤዝ «ደርሶ ይሆናል» ብሎ ነገር የለም፤ ከዋዜማው ባክአፕ መለስን። የሒሳብ ክፍሎቹ የአንድ ቀን ሙሉ ደረሰኝ እንደገና አስገቡ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እዚያ ቢሮ ሻይ የጋበዘኝ የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን ልጁ ሦስት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር፦ «ሚረር ሬዲ (ዝግጁ) ሲል ጆቡ አላለቀም። ሁለቱን ዲስኮች እያመሳሰለ ትእዛዝ ይጠብቃል። ኮምፕሊት (አጠናቅ) ተብሎ የማጠናቀቂያው ኢቨንት (ማሳወቂያ) እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ ያለው በድሮው ዲስክ ላይ ነው።» እዚህ ላይ አስተውይ፤ የኮምፕሊት ትእዛዝ ወዲያው መልስ ይሰጥሻል፣ መልሱ ግን «ሰምቻለሁ» ነው እንጂ «ዲስኩ ተቀይሯል» አይደለም። ኢቨንቱን ጠብቂ ብለሽ ጻፊ።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው ደግሞ ካንስል (ሰርዝ) ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ሚረሩ ሬዲ ሳይደርስ ካንስል ካልሽው ጅምር ኮፒ ይቀርሻል፤ ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ሙሉ ሊመስል ይችላል፣ ውስጡ ግን አይታመንም። ሬዲ ከደረሰ በኋላ ያለ ፎርስ (ያለ ማስገደጃው አማራጭ) ካንስል ብትዪው ግን ጆቡ በሰላም ነው የሚያልቀው፤ ማሽኑ በድሮው ዲስክ ይቀጥላል፣ አዲሱ ፋይል ደግሞ የዚያች ቅጽበት ሙሉ ኮፒ ሆኖ ይቀራል። የሚመጣው ኢቨንት እንኳ የመሰረዝ ሳይሆን የመጠናቀቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የኢቨንቱን ስም አይቶ «ወደ አዲሱ ዲስክ ተሻግሯል» ይላል። የካንስል ፈንክሽንሽ ላይ ያለው ኮሜንት ከኮዱ ቢረዝም ማንም አይስቅብሽም።

ፖዝም የዋህ አይደለም። ጆቡ ማረፍ የሚችለው ኮዱ ውስጥ በተዘጋጁለት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ፖዝ ያልሽበት ሰዓትና በእውነት የቆመበት ሰዓት ይለያያል። በፈንክሽኑ ላይ «ይጠይቃል» ነው ወይስ «ቆሞ ይመለሳል» የሚባለው፣ ለይተሽ ጻፊው።

የራስሽን የጆብ ዓይነት የምትጨምሪ ከሆነ የኪውኢሙን አሠራር ብትከተዪ ይሻላል። እዚያ ፕሪፔር (አዘጋጅ)፣ ኮሚት (አጽና)፣ አቦርት (አቋርጥ) እና ክሊን (አጽዳ) የሚባሉ ኮልባኮች፣ ማለትም ጆቡ ሲያልቅ ኪውኢሙ ራሱ የሚጠራቸው ፈንክሽኖች አሉ። ሊከሽፍ የሚችል የማጠናቀቂያ ሥራ ሁሉ ፕሪፔር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወይ ኮሚት ወይ አቦርት ይጠራል፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይጠሩም፤ ክሊን ከየትኛውም በኋላ ይመጣል። ኮሚት «አልቻልኩም» ማለት አይችልም። ይህንን ሕግ ከኮዱ ብቻ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ በኮሜንት ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሎክም (ሁለት ሥራ አንድ ዳታ በአንዴ እንዳይነካ የሚከለክል ቁልፍ) እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የጆብ ኮዱ የራሱ ሙቴክስ (የሎክ ዓይነት) ሲበጅለት ሎኩን ይዞ መጠራት ያለበት ፈንክሽን በስሙ መጨረሻ «ሎክድ» የሚል ተጨምሮለት፣ ኮሜንቱም «ሎኩ ተይዞ ነው የሚጠራ» ይል ጀመር። ስሙና ኮሜንቱ አንድ ነገር ሲናገሩ ደስ ይላል።

ፍጥነት ላይ መለኪያውን ጻፊ፣ አደራ። በኪውኤምፒ (ኪውኢሙ ትእዛዝ በሚቀበልበት ቋንቋ) በኩል የሚሰጠው ፍጥነት በሰከንድ በባይት ነው፤ በቨርሽ (ቨርቹዋል ማሽን በሚያስተዳድረው የትእዛዝ መሣሪያ) ግን ሌላ ካልተባለ በሜጋባይት ደረጃ ይቆጠራል። አንድ ባልደረባችን 50 ሜጋባይት ማለቱ ነበር፣ 50 ብሎ በኪውኤምፒ ላከ። ጆቡ ድርቅ አለ፤ እኛ ግማሽ ቀን ስዊችና ኬብል ስንነቃቅል ዋልን፣ በአዳማ ሙቀት!

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር፣ ሰዓት። ርክክብ ደብተር ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት አታስጀምሩ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። አዲሱ ልጅ በሎጉ (ኮምፒውተሩ በሚይዘው የክንውን መዝገብ) ላይ 08:00 ፈልጎ ምንም አጣ። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በኮምፒውተሩ 02:00 ነው፤ ሎጉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 23:00፣ ያውም የቀደመው ቀን ፋይል ውስጥ። ኮሜንት ውስጥ ሰዓት ከጻፍሽ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከጎኑ ይኑር።

«ኮሜንት ከኮዱ ጋር አብሮ ካልታደሰ ይዋሻል» የሚሉ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እኔ ስለ ጆቡ ደረጃዎች (እንደ ሬዲ ያሉት) የምጽፈውን ሁሉ አንድ ቦታ፣ የደረጃዎቹ ስም ዝርዝር ካለበት ኮድ ራስጌ ላይ አደርገዋለሁ፤ ደረጃ የሚጨምር ሰው ኮሜንቱን ሳያይ አያልፍም። ሌላ ፋይል ላይ ካስቀመጥሽው የሚያስታውሰው የለም።

የካንስሉን ፈንክሽን ኮሜንት መጀመሪያ ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ። ማክሰኞ ግን አትጠብቂኝ፤ የሰርቨር ክፍሉን ኤሲ የሚጠግን ሰው የሚመጣበት ቀን ነው።