ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠይቁኝ

ደሴ ላይ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ከራስ ምታት ክኒን እኩል የምጠየቀው ስለ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው። ዛሬ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ለቆዳ ስለመቀባት የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሆጤ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ፊቴ ይሰነጣጠቃል። ዘይቱን ብቀባ ይሻለኛል?

መልስ፦ የደሴ ብርድ ማንን ይምራል! ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቡ ሲቆም አየሩ ቆዳን ይመጠዋል። ግን ዘይት ውስጥ ውሃ የለም። ቆዳሽ ላይ ያለው ውሃ እንዳይተን ይከድንልሻል እንጂ አያጠጣሽም። በደረቅ ፊት ላይ ከቀባሽው ድርቀቱን ከድነሽ አደርሽ ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ በፎጣ ሳትፈትጊ ጫን ጫን አድርጊ። ገና እርጥብ እያለ ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነው። አናት ላይ እንደሚደረግ ቅቤ መለደፍ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሳይቀላቀል መቀባት ይቻላል?

መልስ፦ ፊት ላይ አልመክርም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ “የተፈጥሮ ነገር ምን ያደርጋል” ብዬ እንዳለ ቀብቼው አደርኩ። ጠዋት ጉንጬ በርበሬ መስሏል፤ ሁለት ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ ሥራ ገባሁ። ዘይቱ ውስጥ ታይሞኩዊኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብግነት ይቀንሳል ተብሎ ብዙ የሚጠናው እሱ ነው፤ አንዳንዱን ሰው የሚያስቆጣውም እሱ ነው። አንድ እጅ ጥቁር አዝሙድ ለአራት እጅ የሰሊጥ ዘይት አድርጊ። መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ሁለት ሰዓት አላልኩም፤ የቆዳ አለርጂ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ከሰኞ ገበያ ስገዛ ትክክለኛውን በምን ልለይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሂሳብ ጀምሪ። ከአንድ ኪሎ ዘር ያለ እሳት ሲጨመቅ የሚወጣው ዘይት ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሊትር አራት ኪሎ ያህል ዘር ይፈጃል። የዘሩን ዋጋ ጠይቂና በአራት አባዢ። ሊትሩ ከዚያ በታች ከተሸጠልሽ ሌላ ዘይት ገብቶበታል፤ ነጋዴ በኪሳራ አይሸጥልሽም! ቀጥሎ አሽትቺው። እውነተኛው አፍንጫ ይወጋል፤ ስትቀምሺውም ጉሮሮሽን ትንሽ ያቃጥልሻል። በሀይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ግን እለፊው። የዚህ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። እንደ ከረመ የኑግ ዘይት ከሸተተሽ ቆዳሽ ላይ አታድርጊው። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አድርገሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ብታስቀምጪው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ “ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው” ተብሎ በሐዲስ ተነግሯል። አንተ ለምን ታጣጥለዋለህ?

መልስ፦ አላጣጣልኩም ወንድሜ፤ የእኔም ቤት ሐበቱ ሰውዳ፣ ማለትም ጥቁር አዝሙድ፣ አይጠፋበትም። መድኃኒት ነው ማለት ሌላ፣ ለየትኛው ሕመም በምን መጠን እንደሚሆን ማወቅ ሌላ ነው። ለብጉር ጥሩ ተስፋ ያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። የስኳር ወይም የግፊት ኪኒን እየወሰደ በማንኪያ የሚጠጣ ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይንገር፤ የኪኒኑን ሥራ ሊያጠነክረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ለማዲያትስ? ጸጉር ቤት ከክሬም ጋር ቀላቅለው ሰጥተውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የክሬሙን ቱቦ አምጪና ስሙን እንይ። ክሎቤታሶል የሚል ከሆነ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ነው። ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳል፤ ስታቆሚው ደግሞ ፊትሽ ሊቆጣ ይችላል። ፊትሽ ፈክቶ ከሆነ ያፈካው ክሬሙ እንጂ ዘይቱ አይደለም ማለት ነው፤ ዘይቱ ስሙን ብቻ ነው የሰጠው። ብዙ ጊዜ ከቀባሽው ደግሞ በራስሽ በድንገት አታቋርጪ፤ የቆዳ ሐኪም ይይሽ። ማዲያትን የሚያባብሰው ዋናው ፀሐይ ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታው አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ብርድ ነው ብለሽ አትታለዪ። ኮፍያና ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ ክሬም። ዘይት ፀሐይ አይከላከልም።

ጥያቄ፦ ለአራስ ልጅ?

መልስ፦ አይሆንም። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። አፍንጫዬ ዳርና ቅንድቤ ላይ ይልጥብኛል። በቀባሁ ቁጥር ይብስብኛል።

መልስ፦ አብሽር፣ ድርቀት ላይሆን ይችላል። ፎረፎር የሚያመጣው ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ፊትም ላይ ይኖራል፤ ምግቡ ደግሞ ቅባት ነው። እየቀለብከው ይሆናል። ዘይቱን አቁምና ለሐኪም አሳይ። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ለብዙዎች ይሠራል። ደግሞ ኮምቦልቻ እንደኛ ብርድ የለባችሁም፤ ቆላ ቀመስ ናችሁ። ለእኔ የተስማማኝ መጠን ለእናንተ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሽታውን የሚያጠፋ ነገር አለ? ባለቤቴ “ወጥ ወጥ ትሸቺያለሽ” አለኝ።

መልስ፦ ሽቶ አትጨምሪበት፤ እሱ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል። ከመኝታሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ተቀቢው፤ እስከዚያ ይቀንሳል። ካልቀነሰም ጀርባውን ሰጥቶሽ ይተኛ።