ብንሸራተት የት እንቆማለን? የተራራ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ተራራ ናቸው። ረዘም ያለ መልስ የሚፈልገውን አስቀድሜዋለሁ።

ለትምህርት ኦስትሪያ ልሄድ ነው። እዚያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰኔ ላይ ተራራ ሊያስወጣኝ አስቧል። መንገዱ ላይ ከክረምታቸው የተረፈ በረዶ አለ፤ እሱ ግን “ትንሽ ናት፣ በስኒከር ትታለፋለች” ይላል። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ማንን ልስማ? (ተማሪ፣ ከቆጪ)

እናትህን ስማ። በረዶዋ እውነትም ትንሽ ልትሆን ትችላለች፤ አደጋው ያለው ግን ከሥሯ ነው። እግርህን ከማሳረፍህ በፊት ቁልቁል እያየህ “ብንሸራተት የት እቆማለሁ?” በል። መጨረሻው ሜዳ ከሆነ ሱሪህ ይረጥባል፣ ይሳቅብሃል፣ በቃ። ቋጥኝ ወይም ገደል ከሆነ ግን ዐሥር እርምጃ የማትሞላ በረዶም ትገድላለች። እንዲህ ያለ ቦታ ጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ብረት ጥርስ ክራምፖንና የበረዶ መጥረቢያ ይፈልጋል፤ አያያዛቸውን ሜዳ ላይ ያለማመደህ ሰውም እንዲሁ። ሳይለማመዱበት ቦርሳ ላይ የታሰረ መጥረቢያ ለፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም።

ሰዓቱንም ጠይቅ። ሌሊቱ ጠርቶ ካደረ፣ በረዶው በማለዳ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥርና ሶል አይነክሰውም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ትንሽ ስታለሰልሰው ተረከዝ እየሰኩ መሄድ ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እስከ ጉልበት ያሰምጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ የራሰው በረዶ ተንዶ ሊወርድም ይችላል። እዚያ አገር ወደ ሰሜን የዞረው የተራራ ገጽ ጥላ ስለሚበዛበት በረዶውን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በደቡቡ በኩል በደረቅ መንገድ ወጥተህ፣ ጫፉን ተሻግረህ በሰሜን ልትወርድ ስትል ያልጠበቅከው ሊገጥምህ ይችላል።

የማያውቅ ሰው የማያያቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። ፀሐይ ያሞቀችው ጥቁር ድንጋይ ዙሪያውን ያለውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ጠርዝ ውስጡ ባዶ ነው። ከድንጋዩ ራቅ ብለህ እለፍ፤ ወደ ድንጋዩ መሻገር የግድ ከሆነም በዱላህ እየወጋህ ይሁን። ሁለተኛው ውኃ ነው። ከእግርህ በታች የጅረት ድምፅ ከሰማህ፣ የቆምከው ከቀን ወደ ቀን በሚሳሳ ድልድይ ላይ ነውና ዙር። ጓደኞችህ ተሻግረው እየጠሩህ “እኔ እመለሳለሁ” ማለት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ የምትመለስበትን ሰዓትና ምክንያት ታች ሳላችሁ ተነጋገሩበት።

መነጽር የግድ ነው ወይስ ለሽክ ነው? (ከዚያው ተማሪ)

የግድ ነው። አዲስ በረዶ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ወደ ላይ ይመልሳል። ዓይን ማቃጠል የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ነው። ክሬሙን አገጭህ ሥርና አፍንጫህ ቀዳዳ አካባቢም ተቀባ።

ከባለቤቴ ጋር ተወራርደናል። እኔ አገራችን በረዶ የሚጥልበት ተራራ አለ እላለሁ፤ እሱ የለም ይላል። (ከሄርማታ)

አሸንፈሻል እቴ። 4,550 ሜትር ያለው ራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ ይጥላል፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ግግር በረዶ የለንም። በጥንት ጊዜ የባሰ ሳይሆን አልቀረም፤ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሰሜን ተራሮችን የወጋ ንጉሥ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደገጠመው ይተርካል። ግግር በረዶ ማየት የሚፈልግ ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራ ወይም ሩዌንዞሪ መሄድ አለበት፤ እነሱም ላይ እየተመናመነ ነው።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ነን። ጅማም ከፍታ ስለሆነ ለራስ ደጀን ሰውነታችን የለመደ መሰለን። አንዳንዶቹ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል ይላሉ። (ከአጂፕ)

ጅማ ከ1,800 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ የከፍታ ሕመም ደግሞ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ2,500 በኋላ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ለወጡ አስቀሩት። ከ3,000 በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ። እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ የሚዘባርቅ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ። በመኪና ከፍታ ላይ መድረስ ያታልላል፤ 4,377 ሜትር ወዳለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ መንገድ ስላለ ሰው ቁርሱን ጎባ በልቶ አናቱ ላይ ይገኛል።

እግር ለማጠንከር ግን የማይ ጉዶ ተራራ ቅርባችሁ ነው። ስትወርዱ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት እዚያ ብታውቁት ይሻላል።

እዚያ ላይ ቡና ይፈላል? (ከእነሱው አንዱ)

ይፈላል። ራስ ደጀን አናት ላይ ውኃ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ቶሎ ይንተከተካል፣ ስኒው ግን እንደ ቤቱ አያቃጥልም። ቡናውን ቆልታችሁና ወቅጣችሁ ሂዱ፤ የሸክላ ጀበና በበቅሎ ጭነት ላይ ስለማይበረክት በብረት ጀበና ተኩት። ምስርና ባቄላ ግን አትያዙ፣ ሳይበስል ጋዙ ያልቃል። በሶና ቆሎ ይበቃችኋል።