ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ስለ መዘጋጀት፦ ከወሎ ወጣቶች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በደሴና በአካባቢዋ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ስለ ቅጥር ፈተና የሚያሳስባቸውን ሁሉ ጽፈው እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር። በደቡብ ወሎ በሰው ሀብት ሥራ ረጅም ዓመታት ያገለገልሁ፣ ፈተና ያወጣሁ፣ ያረምሁና በቃለ መጠይቅ ኮሚቴ የተቀመጥሁ በመሆኔ የማውቀውን ሳልነፍግ እመልሳለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውን ካለፍሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሦስት ጊዜ ለቅጥር ተፈትኜ አንዴም ለቃለ መጠይቅ አልተጠራሁም። ጥናቱን ከየት ልጀምር?

ከማስታወቂያው ጀምር። አብዛኛው ተፈታኝ ማስታወቂያውን የሚያነበው ለመመዝገብ ያህል ብቻ ነው፤ ደመወዙንና የመመዝገቢያ ቀኑን አይቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። ፈተና አውጪው ግን ጥያቄውን የሚቀዳው ከሥራ መደቡ ዝርዝር ተግባር ነው። ሦስቱ የተፈተንህባቸው መደቦች ምን እንደነበሩ አልጻፍህልኝም፤ ነገር ግን አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሌላው የግዥ ባለሙያ፣ ሦስተኛው የውስጥ ኦዲተር ከነበሩ ሦስቱም የተለያየ ጥናት ይፈልጋሉ። ለሒሳብ ባለሙያ የደመወዝ ስሌት፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና የመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ይመጣል፤ ለግዥ ባለሙያ ስለ ግልጽ ጨረታ፣ ስለ ውስን ጨረታና ስለ ዋጋ ማቅረቢያ ከአዋጁና ከመመሪያው ይጠየቃል፤ ለኦዲተር ደግሞ የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓትና የኦዲት ሪፖርት አጻጻፍ ይቀድማል። በአንድ ደብተር ለሦስቱም መዘጋጀት አይቻልም። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ሂድና የሥራ ዝርዝሩን እንዲያሳዩህ በትሕትና ጠይቅ፤ ሊያስገለብጡህ ባይፈቅዱ እንኳ ቆመህ አንብበው፣ ዋና ዋና ተግባራቱንም በእጅህ ጻፋቸው።

ማስታወቂያውን ስታነብ ደግሞ በ«እና» እና በ«ወይም» መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በል። አንተ የውጫሌ ጎረቤት ነህ፤ የሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላል» የሚል መንፈስ ሲኖረው በጣልያንኛው አስገዳጅ ሆኖ በመጻፉ ምን እንዳስከተለ ታውቃለህ። «ዲፕሎማ እና 2 ዓመት ልምድ» የሚለውን «ወይም» አድርጎ አንብቦ የተመዘገበ ሰው ገና ለፈተና ሳይቀርብ በማጣሪያው ይወድቃል፤ እንዲህ ያለ ብዙ ማመልከቻ በእጄ አልፏል።

ከደሴ፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛሁት የድሮ ጥያቄዎች ጥራዝ አለኝ። እሱን ብሸመድድ አይበቃኝም?

አይበቃም፤ እንዲያውም ሊጎዳህ ይችላል። በቅርቡ አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ ጥራዝ አምጥታ አሳየችኝ፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ መልሶቹ በቀይ እስክሪብቶ ተከብበው ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ የወር ደመወዙ 6,500 ብር የሆነ ሠራተኛ የሚከፍለውን የሥራ ግብር የሚጠይቅ ሲሆን የተከበበው መልስ 1,060 ብር ነው። ስሌቱ በዘመኑ ትክክል ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት 6,500 በ25 በመቶ ተባዝቶ 565 ይቀነስለት ነበር። በ2017 የወጣው ማሻሻያ ግን ከግብር ነጻ የሆነውን የደመወዝ መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። አሁን የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው በ15 በመቶ 300 ብር፣ ቀሪው 2,500 ደግሞ በ20 በመቶ 500 ብር ይሆናልና ግብሩ 800 ብር ነው። የሠራተኛው የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 455 ብር ሲቀነስ እጁ ላይ የሚደርሰው 5,245 ብር ነው። ጠንቃቃ ፈተና አውጪ 800ንም 1,060ንም ከምርጫዎቹ መካከል ያስቀምጣቸዋል፤ የቆየ ጥራዝ የሸመደደ ሰው ያለ አንዳች ጥርጣሬ የተሳሳተውን ይመርጣል።

የተለወጠው ይህ ብቻ አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ 15 በመቶ እንደሆነ ቢቀጥልም አዋጁ ከ285/1994 ወደ 1341/2016 ተለውጧል። በየጥራዙ የሚጠቀሰው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሲሆን በ2017 ግን አዲስ አዋጅ ወጥቷል። የክልል መሥሪያ ቤት የሚተዳደረው ደግሞ ክልሉ በራሱ ባወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ ለዞን ወይም ለወረዳ መደብ የምትፈተን ከሆነ የፌዴራሉን ብቻ አንብበህ አትግባ። ስለዚህ ጥራዙን አትጣለው፤ የአጠያየቁን መልክ ለማወቅ ይጠቅምሃል። መልሱን ግን ከሕጉ ራሱ አረጋግጥ።

ከወልድያ፦ ጠቅላላ ዕውቀት ተብሎ የሚመጣው መጨረሻ የለውም። ምኑን ይዤ ምኑን ልተው?

ሕገ መንግሥቱን ያዝ። 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች ያሉት አጭር ሰነድ ነው፤ በቀን አሥር አንቀጽ ብታነብ ሁለት ሳምንት አይፈጅብህም። ኅዳር 29 ቀን 1987 መጽደቁን፣ አንቀጽ 5 ስለ ቋንቋ፣ አንቀጽ 12 ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት መደንገጋቸውን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንደማይበልጥ እወቅ። አንቀጽ 47 የሚዘረዝረው 9 ክልሎችን ነው፤ ዛሬ ያሉት 12 ናቸው፤ ተፈታኞች የሚሳሳቱት ጥያቄው የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳይለዩ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ራስህ ዞንና ስለምትወዳደርበት መሥሪያ ቤት ተልእኮ አንብብ። የዓለም ዋና ከተሞችንና የእግር ኳስ ዋንጫዎችን መሸምደድ ጊዜህን ከመብላት በቀር የሚያተርፍልህ ትንሽ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ በግል ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ልምዴ ይያዝልኛል?

በአብዛኛው ይያዝልዎታል፤ ማስታወቂያው ሌላ ካላለ በቀር። ደብዳቤዎ የሥራ መደብዎን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠሩና ደመወዝዎን መግለጽ አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጥቀስ። «በድርጅታችን ማገልገላቸውን እንገልጻለን» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ይዘው የመጡ ጎበዝ ባለሙያዎች ሲመለሱ አይቻለሁና አሁኑኑ ያስተካክሉት።

ከኮምቦልቻ፦ የጽሑፉን ፈተና አልፋለሁ፤ በተግባር ፈተናው ግን ኮምፒውተር ላይ እጄ ይተሳሰራል።

ይህ በልምምድ ብቻ የሚፈታ ነው። የምትለማመዳቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ ከነቁጥሩና ከነቀኑ በፓወር ግዕዝ መጻፍ፣ በኤክሴል ከላይ የገለጽሁትን ዓይነት የደመወዝ ሰንጠረዥ በቀመር መሥራት፣ ሰነዱን በተባለው ስም በተባለው ቦታ ማስቀመጥ። ብዙ ተፈታኝ ቁጥሩን በካልኩሌተር አስልቶ በኤክሴል ሣጥኑ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ፈታኙ ግን ሣጥኑን ሲነካው ቀመር ይፈልጋል፤ ከሌለ ነጥቡ ይቀነሳል። በቤትህ ኮምፒውተር ባይኖርህም በቀን አንድ ሰዓት ለሦስት ሳምንት የምትለማመድበት ቦታ ፈልግ።

ከከሚሴ፦ እውነቱን ይንገሩን፤ ዘመድ ለሌለው ሰው ፈተና ትርጉም አለው?

ይህን በቀላሉ ልመልሰው አልፈልግም፤ ጥያቄው ከምሬት እንደመጣ ይገባኛል። መድልዎ የለም ብል እዋሻችኋለሁ። በኮሚቴ በተቀመጥሁበት በአንድ መሥሪያ ቤት የፈተናው ወረቀት በዋዜማው ወጥቶ ነበር፤ ሦስታችን ፈርመን ፈተናው እንዲሰረዝ ጠየቅን፤ ተሰርዞም ሁሉም ዳግመኛ ተፈተኑ። በሁለተኛው ፈተና አንደኛ የወጣው ማንም የማያውቀው የገጠር ልጅ ነበር። ያንን ልጅ ያዳነው የእኛ ፊርማ ብቻ አይደለም፤ ተዘጋጅቶ መምጣቱም ነው።

ውጤት ሲለጠፍ በጽሑፍ፣ በተግባርና በቃለ መጠይቅ ያገኘኸውን ነጥብ ከማስታወቂያው መቶኛ ጋር አስተያይ፤ ካልተስማማ ቅሬታህን በጽሑፍ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አቅርብ፤ ቅጂውንም ገቢ አስደርገህ ያዝ። በቃል የቀረበ ቅሬታ ቢሮው በር ላይ ይቀራል። ለቅጥር ገንዘብ አምጣ ለሚልህ ሰው ግን አንዲት ሳንቲም አትስጥ።

ከመርሳ፦ ለሴት ተወዳዳሪዎች የሚደረገው ድጋፍ እንዴት ነው የሚሠራው?

አብሽሪ፣ ድጋፉ ውለታ አይደለም፤ መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ነው። በ2017 በተተካው በ1064/2010 አዋጅ እንደተሠራበት ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጡ ቅድሚያ ያገኙ ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ተቀራራቢው ነጥብ መድረስ የአንቺ ፈንታ ነው።

ከደላንታ፦ ደሴ ለመምጣት መንገዱ ሩቅ ነው። የፈተናውን ቀን የምሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ምን ላድርግ?

ይህ የብዙዎች ችግር ነው፤ በወጣትነቴ እኔንም ደርሶብኛል። አንድ መሥሪያ ቤት የፈተናውን ቀን በውስጥ ሰሌዳው ብቻ ለጥፎ ነበርና እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው፤ ዛሬም ሲነሣ ያመኛል። ስትመዘገቢ የፈተናው ቀን በስልክ ይነገር ወይስ በሰሌዳ ብቻ ይለጠፍ እንደሆነ መዝጋቢውን ጠይቂ፤ ሰሌዳው የት እንዳለም በዓይንሽ እዪው። ደሴ የምትኖር አንዲት ጓደኛ በየሁለት ቀኑ አልፋ ሰሌዳውን እንድታይልሽ፣ ፎቶ አንሥታም እንድትልክልሽ አደራ በያት። ቀኑ ሲቆረጥ በዋዜማው ገብተሽ እደሪ፤ በጠዋቱ መኪና እደርሳለሁ አትበይ። ኦሪጅናል ማስረጃሽን፣ መታወቂያሽንና የመመዝገቢያ ቁጥርሽን በአንድ ፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ አድርጊ፤ አቃፊውንም ከሻንጣሽ ጋር መኪናው ጣሪያ ላይ አትጫኚው፣ ከእጅሽ አይለይ።