ፉርሽካ ብቻ የበሉ የዳክዬ ጫጩቶች ለምን ያነክሳሉ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ግቢያችን ስድስት የዳክዬ ጫጩቶች እያሳደግሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሞልቷቸዋል። የምመግባቸው በውኃ የራሰ ፉርሽካ፣ አንዳንዴም የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ሁለቱ ማነከስ ጀምረዋል፤ አንዷማ ተቀምጣ ነው የምትበላው። ውኃቸውን በቀየርኩ ቁጥር ወዲያው ጭቃ ያደርጉታል። መዋኛ የግድ ያስፈልጋቸዋል? ከዶሮዎቼ ጋርስ አብረው ቢያድሩ ችግር አለው? እንቁላል መጣል የሚጀምሩትስ መቼ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚያነክሱትን ሁለቱን እንይ። የቀረው ጥያቄዎ ሳምንት ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ የእግሩ ነገር ግን በዘገየ ቁጥር አጥንቱ እንደተጣመመ ይቀራል። ከነገሩኝ አመጋገብ ተነስቼ ስገምት የናያሲን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ3፣ እጥረት ይመስለኛል።

የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት ይልቅ ብዙ ናያሲን ትፈልጋለች። ዶሮ ከፕሮቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን የሚባለውን ክፍል ወስዳ የተወሰነውን ናያሲን ራሷ ትሠራለች፤ ዳክዬ ግን በዚህ በኩል ደካማ ስለሆነች ከመኖዋ ማግኘት አለባት። በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ ከ55 እስከ 70 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ፉርሽካ በላቦራቶሪ ሲለካ ናያሲን አያንሰውም፤ ነገር ግን አብዛኛው ከቃጫው ጋር ተሳስሮ ስለሚገኝ በአንጀቷ ሳይፈጭ ያልፋል። በቆሎም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጫጩቷ ጠግባ ትውላለች፣ እግሯ ግን እየደከመ ይሄዳል።

ለማረጋገጥ የምታነክሰውን ጫጩት አንስተው እግሯን ይዳስሱ። ላባው አልቆ ቅርፊቱ የሚጀምርበት መገጣጠሚያ አብጦ ከሆነ፣ እግሮቿ እንደ ቅስት ወደ ውጭ ከጎበጡ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ የምትቀመጥ ከሆነ፣ ዓይኗ ግን ንቁ ሆኖ መኖ ስታይ እየተሳበችም ቢሆን የምትመጣ ከሆነ ግምቴ ትክክል ነው። በተቃራኒው መብላት ካቆመች፣ ከከሳችና ላባዋ ከተንጨባረረ፣ ወይም ሁለት ሦስት ጫጩት በአንድ ቀን ከሞተ ጥርጣሬው ወደ ሻጋታ መርዝ ይዞራል። እግሯ፣ ክንፏና አንገቷ በተከታታይ ዝለው ጭንቅላቷን ማንሳት ካቃታት ደግሞ ቦቱሊዝም፣ ማለትም በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ሽባነት፣ ነው፤ የሚመጣውም ከበሰበሰ ነገርና ከቆመ ቆሻሻ ውኃ ነው። በሁለቱ የመጨረሻ ጉዳዮች ቀን ሳይጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የእግር መዳፏን ግርጌም ማየት አይርሱ፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው እብጠት ካለ ማነከሱ ሸካራ ሲሚንቶ ላይ በመዋሏ የመጣ ቁስል ነው፣ ሕክምናውም የተለየ ነው።

የናያሲን እጥረት ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው። ከመድኃኒት ቤት ናያሲን ወይም ኒኮቲናማይድ የሚል ክኒን ይግዙ፤ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ግን አይውሰዱ። 100 ሚሊ ግራም ፈጭተው በ4 ሊትር የመጠጥ ውኃ ይበጥብጡና ለስድስቱም ያቅርቡ፤ ያላነከሱትም ያንኑ መኖ ስለበሉ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ውኃውን በየቀኑ አዲስ ያድርጉት። ሌላ ውኃ አጠገባቸው ካለ እሱን ይጠጡና መድኃኒቱን ይተዉታል። ብዙ ጊዜ ለውጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል፤ ቢሻላቸውም አሥር ሳምንት እስኪሞላቸው አያቋርጡ። መኖ ላይ መጨመር ከመረጡ የቢራ እርሾ ዱቄት ይሆናል፤ ለአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። የዳቦ እርሾ ግን ሕያው ስለሆነ ሆዳቸው ውስጥ ይቦካልና አይጠቀሙ። አጥንቱ ቀድሞ ተጣሞ ከደረቀ ቫይታሚኑ እንዳይብስ ያደርገዋል እንጂ አያቃናውም።

አሁን ወደ መኖው። ፉርሽካ ማሟያ ነው፣ ዋና ምግብ አይሆንም። በሦስት ሳምንት ዕድሜ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ያስፈልጋቸዋል፤ ከመኖ ሱቅ የሚገዛው የቄብ ዶሮ መኖ ናያሲን ከተጨመረበት ጥሩ ይሆናል። ሲገዙ የኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) መድኃኒት የተቀላቀለበት እንዳልሆነ ይጠይቁ፤ ዳክዬ ከዶሮ አብልጣ ስለምትበላ መድኃኒቱንም ከልክ በላይ ትወስዳለች። ቤት ውስጥ መቀላቀል ከፈለጉ ለ10 ኪሎ፦ 5 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 1 ኪሎ ተኩል ፉርሽካ፣ 2 ኪሎ ተኩል በደንብ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር፣ ግማሽ ኪሎ የቢራ እርሾ፣ የቀረው ግማሽ ኪሎ ደግሞ የዶሮ ቫይታሚንና ማዕድን ቅልቅል ነው፤ የቅልቅሉን መጠን እንደ መለያው ያስተካክሉና ጉድለቱን በበቆሎ ይሙሉ። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው የበሉት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አሁን አይስጧቸው፤ ለቅርፊት ተብሎ የተጨመረው ካልሲየም የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል።

የእንጀራ ፍርፋሪ ጥቂት ቢቀምሱ ምንም አይሆኑም። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ይቅርባቸው። የሚጎዳቸው በርበሬው ሳይሆን (ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም) ጨውና ሽንኩርቱ ነው፤ ጨው ደግሞ ጫጩትን ቶሎ ይገድላል። ዳቦ ያጠግባል እንጂ አያሳድግም። በደቃቁ የተቀረደደ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በየቀኑ ይስጡ። አቮካዶና ጥሬ ቦሎቄ በጭራሽ አይስጡ። ቅጠል ሲጀምሩ ደቃቅ ጠጠር ወይም ሸካራ አሸዋ በዕቃ ያስቀምጡላቸው፤ ዳክዬ ጥርስ ስለሌላት የምትፈጨው በመቋደሻዋ ውስጥ ባለው ጠጠር ነው።

ስለ ሻጋታ ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ በከተማ ዳክዬ የሚያልቀው በብዛት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እህል ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ጉበት ያጠፋል፣ የዳክዬ ጫጩት ደግሞ ለዚህ መርዝ በጣም ደካማ ከሆኑት የቤት እንስሳት አንዷ ናት። ቀድሞ ላቦራቶሪዎች አንድ መኖ መርዝ እንዳለው ለማወቅ የአንድ ቀን የዳክዬ ጫጩት ላይ ይሞክሩት ነበር። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት የኑግ ፋጉሎን ዋነኛ የአፍላቶክሲን ምንጭ ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ ለላም ተገዝቶ የተረፈ ፋጉሎ ለጫጩት አይስጡ። የኦቾሎኒ ፋጉሎም ያው ነው። የሻገተ በቆሎን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መቁላትም ሆነ መቀቀል ሻጋታውን ቢገድል እንኳ መርዙን አያጠፋውም። በክረምት መኖ በብዛት አይግዙ፤ የሁለት ሳምንት ይበቃል። ጆንያውን ከሲሚንቶ ወለል አንስተው እንጨት ላይ፣ ከግድግዳም አራቅ አድርገው ያስቀምጡ። ያራሱትን መኖ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ አያቆዩ፤ የተረፈውን ጥለው ዕቃውን አጥበው ያድርቁ።

ውኃውን ጭቃ ማድረጋቸው ጥፋት አይደለም። ዳክዬ ደረቅ መኖ ስትጎርስ ውኃ ጨምራ ነው የምትውጠው፤ ውኃ የሌለበት መኖ ሊያንቃት ይችላል። መኖ በቀረበ ቁጥር ውኃ አብሮ ይቅረብ፣ ማታ መኖው ከተነሳ ግን ውኃውም ቢነሳ ግድ የለም። አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጥበው ጭንቅላቷን ነክራ ስለሆነ ላደገች ዳክዬ የውኃው ጥልቀት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ይህን ያጣች ዳክዬ ዓይኗ አረፋ ይዞ ይጣበቃል። ለአሁኖቹ ጫጩቶች ግን ሙሉ ገላቸው የማይገባበት ጠባብ ዕቃ ይሻላል፤ ለምሳሌ ጎኑ ጭንቅላት በሚያስገባ ስፋት የተቀደደ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን። ዕቃውን በወንፊት ሽቦ በተሸፈነ ሳፋ ላይ ቢያስቀምጡት የሚረጨው ውኃ ከሥር ይጠራቀማል፣ ጉዝጓዙም ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

መዋኛ ለሕይወታቸው የግድ አይደለም፣ መታጠቢያ ግን ያስፈልጋቸዋል። ጫጩት በእናቷ ሥር ስታድግ ከእናቷ ላባ ቅባት ታገኛለች፤ ያለ እናት ያደገች ግን ጭራዋ ሥር ያለው የቅባት ዕጢ በደንብ ሥራ እስኪጀምር ውኃ ወደ ገላዋ ዘልቆ ይበርዳታል። እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ፀሐይ ባለበት ሰዓት፣ እርስዎ ባሉበት፣ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይዋኙ፤ ከዚያም በፎጣ አድርቀው ሙቀት ውስጥ ይመልሷቸው። ሲያድጉ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሞላላቸው ይበቃል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለስድስት ዳክዬ የመጠጥ ብቻ በቀን 6 ሊትር ያህል ይያዙ። የቆሸሸውን ውኃ አይድፉት፤ ለጎመንና ለቆስጣ መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፣ ግን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ያጠጡ። ወንዝ ቅርብ ነው ብለው ወደ ቀበናም ሆነ ወደ ባንተይቀጡ አይልቀቋቸው፤ የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት ውኃ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ይቀንሳል። የእርስዎዎቹ ሦስት ሳምንት ስለሞላቸው አሁን 23 አካባቢ ያስፈልጋቸዋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ከዚያ በእጅጉ ይበርዳል። ቆጣቢው አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም፣ የድሮውን ቢጫ አምፖል ይጠቀሙ። ተፋፍገው ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከመብራቱ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውኃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልለው መሃላቸው ያስቀምጡ። ከሰል በዝግ ክፍል አያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ለጉዝጓዝ የጤፍ ጭድ ጥሩ ነው። ካርቶንና ጋዜጣ ያንሸራትታል፣ የደከመን እግር ደግሞ የባሰ ይከፍተዋል።

ላደገች ዳክዬ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል፣ ውጭ ደግሞ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ይያዙላት። አብዛኞቹ ዝርያዎች ቆጥ ላይ አይወጡም፣ መሬት ላይ ነው የሚተኙት፤ ስለዚህ ለድመት፣ ለሸለምጥማጥና ለውሻ የተጋለጡ ናቸው። በሩ ማታ ይቆለፍ፣ ከታች ያለው ሽቦም ጣት የማያስገባ ይሁን። ግቢ ውስጥ ግንባታ ወይም የቆርቆሮ ሥራ ካለ በየምሽቱ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ ይልቀሙ፤ ዳክዬ የሚያብረቀርቅ ነገር ትውጣለች፣ ዚንክና እርሳስ ደግሞ ይመርዟታል።

ከዶሮዎቹ ጋር ማደራቸውን አልመክርም። ዳክዬ የምታርሰው ጉዝጓዝ ዶሮን ለኮክሲዲያና ለመተንፈሻ ሕመም ያጋልጣል። ወንዱ ዳክዬ ሲያድግ ሴት ዶሮዎችን ሊጋልብ ይሞክራል፤ አካላቸው ስለማይገጥም ዶሮዋ ተጎድታ ልትሞት ትችላለች። ዳክዬ የወፍ ጉንፋንን ምልክት ሳታሳይ ልትሸከም እንደምትችልም ልብ ይበሉ። ቀን ግቢው ሰፊ ከሆነ አብረው ቢውሉም መኖና ማደሪያቸው ይለይ።

ወንድና ሴቱን በሁለት ወር አካባቢ በድምፅ ይለያሉ፤ ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት፣ የወንዱ ድምፅ የሻከረና ዝቅ ያለ ነው፣ ቆይቶም ጭራው ላይ የተጠቀለለ ላባ ያወጣል። (ፊታቸው ላይ ቀይ ሥጋ ያላቸው ሙስኮቪዎች ከሆኑ ሴቷም ዝምተኛ ናት፤ ለጎረቤትም ይመቻሉ።) ለአንድ ወንድ ከአራት እስከ ስድስት ሴት ያስፈልጋል። ከስድስቱ ሦስቱ ወንድ ከሆኑ ሁለቱን ይለዩ፤ አለበለዚያ የሴቶቹ ማጅራት ላባው ተነቅሎ ይቆስላል።

እንቁላሉን ከአምስት እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ ይጠብቁ። ያኔ ወደ እንቁላል ጣይ መኖ ያዙሩ፤ አንዲት ዳክዬ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ስለምትበላ ስድስቱ በወር 30 ኪሎ ያህል ይፈጃሉ። ብዙዎቹ የሚጥሉት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ስለሆነ እስከዚያ ከቤት አይልቀቋቸው፤ ቀድመው ከወጡ ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል። ቅርፊቱ ጭቃ የነካውን ለይተው ቶሎ ይጠቀሙ፣ አስኳሉም ነጩም እስኪጠጥር ይቀቅሉት። ላባ በሚቀይሩበት ጊዜ እስከ ሁለት ወር እንቁላል ቢያቋርጡ ጤናማ ነው። ነገር ግን ጭራዋን ዝቅ አድርጋ የምታምጥ፣ ጎጆ ገብታ የምትመላለስና እንቁላል ያልወጣላት ዳክዬ ካዩ እንቁላሉ ተቀርቅሮባት ሊሆን ይችላል። ሆዷን አይጫኑ፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጧትና ካልተሻላት በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።