ሩቱ ብቻ ተሠርቶ ልጆቹ ለምን ይጠፋሉ?

ሰላም ወንድሜ። ሌሎቹም እንዲከታተሉን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። በጃቫ ከአሬይ (ከተደረደሩ ዋጋዎች ዝርዝር) ላይ ባይናሪ ትሪ (እያንዳንዱ ኖድ፣ ማለትም ነጥብ፣ ቢበዛ ግራና ቀኝ ሁለት ልጅ ያለው ዛፍ) በሪከርሽን (ፈንክሽኑ ራሱን እየጠራ) እየሠራህ ነው። ኮዱ ኤረር አይሰጥም። ፕሪንት ስታደርገው ግን የሚወጣው ሩቱ (ከላይ ያለው የመጀመሪያው ኖድ) ብቻ ነው፤ ግራውም ቀኙም ነል (ባዶ)። ተማሪዎችን ሳግዝ ይቺ ነገር ደጋግማ ስለምትመጣብኝ ኮድህን እንዳየሁት ለየኋት።

ፎርሙላህ ልክ ነው። ኢንዴክሱን (ከ0 የሚጀምረውን የቦታ ቁጥር) በ2 አባዝተህ 1 ስትደምር ግራ ልጁን፣ 2 ስትደምር ቀኙን ታገኛለህ። ችግሩ ፈንክሽንህ ቮይድ (ምንም የማይመልስ) መሆኑ ላይ ነው። የወላጁን ግራ በፓራሜትር ትልክለታለህ። እሱ አዲስ ኖድ ፈጥሮ ለፓራሜትሩ ይሰጠዋል። ጃቫ ግን የሚልከው ኮፒ ነው። ስለዚህ የተቀየረው ኮፒው ብቻ ነው፤ ወላጁ ጋ ያለው ነል አልተነካም። ፈንክሽኑ ሲያልቅ አዲሱ ኖድም የሚይዘው አጥቶ ይቀራል። ሩቱ የተረፈው ሜይን ውስጥ ራስህ ስለፈጠርከው ነው።

ፈንክሽኑ ኖድ ሪተርን ያድርግ። ኢንዴክሱ ከአሬዩ ርዝመት ጋር እኩል ከሆነ ወይም ካለፈ፣ ወይም ቦታው ነል ከሆነ ነል ይመልስ። ርዝመቱን አስቀድመህ ፈትሽ፣ አለዚያ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። ሁለቱም ካልሆነ ኖድ ይፍጠር፣ ግራና ቀኙን ከየጥሪው በሚመለሰው ይሙላ፣ ከዚያ ኖዱን ይመልስ። በቃ።

በ8፣ 5፣ 12፣ ነል፣ 6 እንየው። 8 ተፈጠረና ኢንዴክስ 1ን ጠራ፤ 5 ተፈጠረ። 5 ለግራው ኢንዴክስ 3ን ሲጠራ ነል ተመለሰለት። ለቀኙ 4ን ሲጠራ 6 መጣ። የ6 ልጆች 9 እና 10 ላይ መሆን ነበረባቸው፤ አሬዩ ግን 4 ላይ አልቋል። ስለዚህ 6 ያለ ልጅ ተመልሶ የ5 ቀኝ ሆነ። 5 ራሱ ተመልሶ የ8 ግራ ሆነ። የ12 ተራ የሚደርሰው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላው፣ አሬዩን ከሊትኮድ (የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ) ከቀዳኸው ተጠንቀቅ። እዚያ ለነል ልጆች ቦታ አይያዝም። 8፣ ነል፣ 12፣ 10 ካለህ 10 የ12 ግራ ልጅ ነው። ፎርሙላው ግን 10ን የነሉ ልጅ ያደርገዋል፤ 10 ድራሹ ይጠፋል። ለዚህ ዓይነቱ ሪከርሽን ይቅርብህ፣ ኪው (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ሰልፍ) ተጠቀም። ወላጆችን በተራ እያወጣህ ከአሬዩ ሁለት ሁለት ታድላቸዋለህ፤ ነል የደረሰው ኪው ውስጥ አይገባም። ለፎርሙላው ብለህ ክፍት ቦታዎቹን በነል እሞላለሁ ካልክ ደግሞ ሁሉም ወደ ቀኝ ብቻ የሚወርዱ 20 ኖዶች 1,048,575 ቦታ ይበሉብሃል።

በፓይተን ለምትሠሩ፦ ባዶ ቦታን በ"ኖት" አትፈትሹ። 0 ዋጋ ያለው ኖድም እንደ ባዶ ተቆጥሮ ከነልጆቹ ይቀራል። ከ"ነን" (የፓይተን ነል) ጋር በ"ኢዝ" አወዳድሩ።